ጀርባዋን ለመስኮት የሰጠች ልጅ

ነጭን በነጭ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ልጆቹን ጦም ያሳድራል። ይህን የነገሩኝ ወረኢሉ ገበያ ጋቢና በርኖስ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ያኔ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ ሳልባጅ እሸጥ ነበር። የኔ ገዢ ልብሱን እያሸተተ፣ ቀዳዳውን በጣቱ እየፈለገ ቆይቶ «ዞሬ እመጣለሁ» ይልና ይሄዳል። እስካሁን ዞሮ አልመጣም። የእሳቸው ገዢ ግን ከሩቅ አይቶ፣ ልቡ ተሰርቆ ነው የሚደርሰው።

አንድ ቀን ምስጢሩን ጠየቅኋቸው። ሳቁና ከጥቁሩ በርኖስ ላይ የተነጠፈውን ጋቢ አንስተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ዳለቻ ነበር፤ አመድ የነካው የሚመስል። መልሰው ጥቁሩ ላይ ሲጥሉት እንደ ፈነዳ ጥጥ ነጣ።

«አየህ አንተ» አሉኝ፤ «ጥቁር ላይ ከጣልከው ዳለቻም ነጭ ነው። እኔ ወላሂ አልዋሸሁም። የዋሸው የገዛ ዓይኑ ነው።»

ከትምህርት ቤት ጋር በስድስተኛ ክፍል ተለያይተን ነበርና ሌላ ትምህርት የለኝም። መካነ ሰላም የገባሁት ይህቺኑ ይዤ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ክፍሏን የወደድኳት በመስኮቷ ነው። መብራት እኛ ዘንድ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲሄድ የት እንደሚሄድ አንጠይቀውም። መስኮት ግን የቤት ሰው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሳይጠሩት ይመጣል።

ሥራው ከጋቢው አይለይም። ጠይም ፊት ከነጣ መጋረጃ ፊት፣ ቀላ ያለ ፊት ከጠቆረ መጋረጃ ፊት። ሙሽራ ስትመጣ ብርሃኑን አበዛለሁ፤ የተገዛላት ሁሉ መታየት አለበት። የቢሮ ኃላፊ ሲመጣ ከአንድ ወገን ብቻ አበራለታለሁ፤ ግማሽ ፊቱ ጥላ ሲገባ የሚያስብ ይመስላል። እስካሁን ቅር ያለው ኃላፊ አላየሁም።

የጥቁሩን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰሞን የለቅሶ ፎቶ በዛ፤ ለምን እንደበዛ ያገሬ ሰው ያውቃል። ዘመድ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያለቅስ፣ ከድንኳኑ ጫፍ የቆመው ለቀስተኛ ማንን እንደሚያለቅስ አይለይም ነበር። ፎቶው በነጭ ላይ፣ ነጠላው ነጭ፣ ሰማዩም እንደ ክረምታችን ነጭ። አንዱን ጥቁር ላይ አድርጌ ሠራሁት። ፊቱ ከሩቅ ሰው ጠራ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ የሞተ ሁሉ ጥቁር ላይ ሆነ። ውሎ ሲያድር ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ጥቁሩ መጋረጃዬ ፊት አልቀመጥም አለ። «ውይ! ገና አልሞትኩም!» እያሉ ወንበሩን ይገፉታል። መጋረጃውን አወረድኩትና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለከተማው አንድ ልማድ ጨመርኩ ብዬ ስኮራ ኖርኩ። ልማድ ግን እንደ ውሻ ነው፤ ያሳደገውንም ይነክሳል።

ልጅቱ ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣችው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ሞቷል። እናቷ ከከተማው ዳር፣ አፋፉ ላይ፣ አንዲት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ትኖራለች። ልጅቱ እንደገባች ወንበሩን ራሷ ጎትታ፣ መስኮቱን በጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ተነሺ» አልኳት። «ጀርባሽን ለመስኮት ከሰጠሽ ፊትሽ ይጠፋል።»

«ወዴት ይጠፋል፣ ጋሼ?»

«ጥላ ይውጠዋል። ካሜራ ከኋላሽ ያለውን ብርሃን ካየ አንቺን ይረሳሻል።»

«እንደ ወንድ ነዋ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ «ፊቱን መደበቅ የፈለገ ሰው ታዲያ እንዲህ ነው የሚቀመጠው?»

«የሰረቀ ሰው ከሆነ፣ አዎ።»

«እሺ። ስሰርቅ አስታውሰዋለሁ።»

ዞራ ተቀመጠች። ነጭ መጋረጃ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፤ ፓስፖርት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የፎቶውን ዋጋ ስትሰጠኝ «መርቀኝ እንጂ» አለችኝ። በማርያምም በአላህም መረቅኳት። ወሎ ነኝ፤ አንዱ ባይሰማ ሌላው ይሰማል።

ዓረብ አገር ሄዳ ቤት ሠራተኛ ሆነች፤ ሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ለእናቷ ትደውል ነበር። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። የኛ ኔትወርክ ሲጠፋ እንደ ሌላው አገር ለሰዓት አይደለም፤ የተዘራው ታጭዶ፣ የታጨደው ተወቅቶ ነው የሚመለሰው። በተመለሰ ዕለት መናኸሪያው ውስጥ ስልኩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የወራት ድምፅ ሲያዳምጥ ዋለ። የእህቱን ልጅ መወለድና ክርስትና መነሳት ባንድ ደቂቃ የሰማ ሰው አይቻለሁ። ለልጅቱ እናት የደረሳት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ስትደውል የልጅቱ ስልክ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ። በወሩም ዝግ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ወደኔ መጣች። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ በእቅፏ ይዛዋለች።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፤ «ልጄ እዚህ ውስጥ አለች፤ ግን አትታየኝም። ፊቷን አውጣልኝ።»

አየሁት። ወጥ ቤት ነው። ከጀርባ ትልቅ መስኮት፣ መስኮቱ ነጭ እሳት። ከፊቱ የሰው ቅርጽ ቆሟል፤ ከሰል የመሰለ። ሻሿ ይለያል፣ ትከሻዋ ይለያል፣ ፊቷ ጉድጓድ ነው።

«ጥላ ነው፣ እታለም።»

«ጥላውን ግፈፍልኛ! የሙሽራ ማድያት የምትገፍ ሰው፣ ጥላ አቃተኝ ልትል ነው?»

«አላቃተኝም። ምን ያህል አድርጌ ላትመው?»

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ የመስኮት ያህል። «በር ፊት ለፊት ነው የምሰቅላት። ወደ ቤቴ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይይ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሲያየኝ ዝም ማለት ጀምሯል። ምንጭ ስወርድ ወሬው ይቆማል። የኛን አገር ሰው ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው። እናት የምትሰማው ሁሉም ሰምቶ፣ ተመካክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ አንድ ጠዋት በሯ ላይ ሲቆምባት ነው። እስከዚያ ሰዉ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። ስለዚህ ዝምታ ያስፈራታል። የምታዘኝ ፎቶ ሳይሆን ክርክር ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «አለች» የሚል።

በማግስቱ መብራት መጣና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጥላ ሲገፈፍ ደስ ይላል፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ማጠብ ማለት ነው። መጀመሪያ የጆሮ ጉትቻዋ ወጣ። ቀጥሎ ጉንጯ። ቀጥሎ አፍንጫዋ። እኔም «ይኸው፣ መጣሽ» እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ። አንድ እርከን ጨመርኩ። ያኔ ቀኝ ዓይኗ ወጣ፤ ማለቴ፣ ዓይኗ መሆን የነበረበት ቦታ ወጣ።

የሥራው ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጥላ ከልክ በላይ ሲነሳ ፎቶው ነጠብጣብ ያወጣል፤ ብጉር የመሰለ፣ መልክ የሌለው። ያ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ለሰው የምሸጠውን ለራሴ ብሸጥ ምን አለበት? ግን ነጠብጣብ ቅርጽ አያወጣም። ይህ ቅርጽ ነበረው። አብጦ የተከደነ ዓይን ነው። ከንፈሯም በዚያው ወገን ተሰንጥቋል። ፎቶውን ለማንሳት የዘረጋችው ክንዷ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና በመስኮቴ ወደ ውጭ አየሁ። ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ እየጮኸ ሰው ይጭናል። ዓለም እንደ ወትሮው ናት። የኔ ጆሮ ግን ውስጥ ነው ያለው፤ «እሺ፣ ስሰርቅ አስታውሰዋለሁ» ትለኛለች።

አስታውሳዋለች። ተሳስታ አልነበረም ጀርባዋን ለመስኮት የሰጠችው። መኖሯን ልታሳይ፣ ፊቷን ልትደብቅ፣ እኔው ባስተማርኳት መንገድ ቆመች። የሰረቀችው ነገር የእናቷን ጭንቀት ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? እናትየውን ጠርቶ «ነገሩ እንዲህ ነው» ይላል። እኔ ግን ብልህ ሳልሆን ነጋዴ ነኝ፤ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው አልሸመተም ማለት ነው። ገዢዋ ፊት ነው የጠየቀችኝ፤ ፊት እሰጣታለሁ አልኩ። ግራውን ወገን አበራሁት። ግራው ያችው የማውቃት ልጅ ናት፤ ቀና ያለች፣ ልትስቅ ያለች። ቀኙን ቀስ እያልኩ ወደ ጨለማው መለስኩት፤ ከአፍንጫዋ ወዲያ እንደ ኃላፊዎቼ እንድታስብ። የቀኙ ጥላ የተቆረጠ እንዳይመስል ደግሞ ጀርባዋ መጨለም ነበረበት። መስኮቱን አጠፋሁና በቦታው የበሰለ ቡና ዓይነት ቡናማ አለበስኩት። ስክሪኑ ላይ ሙቅ፣ ያማረ ቡናማ ነው። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። ዳለቻውን ጥቁር ላይ ጣልኩት።

ስክሪን ግን ከውስጡ ያበራል፤ ወረቀት አያበራም። ደሴ ታትሞ፣ መስታወት ገብቶለት በአውቶቡስ ሲመለስ ቡናማው ጠቁሮ ነበር። አየሁት፣ «ትንሽ ጠቁሯል» አልኩ፣ እንዳይቧጨር በሚስቴ ነጠላ ጠቀለልኩት። ትንሽ ጠቁሯል! ያን ሁሉ ዓመት ለጥቁርና ለነጭ የኖርኩ ሰው።

ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ላድርስላት ብዬ ወጣሁ። ጉም ከገደሉ ተነስቶ መንገዱን ሞልቶታል። ፍሬሙ ከበደኝ። ግማሽ መንገድ ላይ የሰፈሩን የእድር ዳኛ አገኘኋቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ።

«ወዴት ነው በማለዳ?»

«አፋፉ ላይ ላለችው ነው፣ አባባ። የልጇን ፎቶ።»

ቆም አሉ። ፍሬሙን አዩት፣ ነጠላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «በል በአንድ ወገን ልያዝልህ» አሉና ያዙልኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሽማግሌው ደግ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሌላው እንዴት እንዳየን ላስረዳ። ጠዋት ነው። የእድሩ ዳኛ ከፊት። ነጠላ የለበሰ የፎቶ ፍሬም በሁለት ሰው ተይዞ፤ አንደኛው የሙታን ፎቶ ሠሪ። መንገዱ ዓረብ አገር ልጅ ወዳላት፣ ልጇም ወራት ወደ ጠፋችባት ሴት ቤት። አንዲት ሴት ከበሯ ብቅ ብላ አየችንና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በርዷት ነው ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ሄድ ብለን ወደ ኋላ ስዞር ሰባት ሰው ሆነናል። አፋፉ ጋ ስንደርስ ሃያ። ማንም አይናገርም። በጉሙ ውስጥ እግር ብቻ ይሰማል። 

«አባባ» አልኩ በሹክሹክታ፤ «ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«እኔንማ ያስከተልከኝ አንተ! መቼ ነው የሰማኸው?»

«ምኑን?»

ሳይመልሱልኝ እናትየው ጄሪካኗን ይዛ ከበሩ ወጣች። እኛን አየችን፤ አንድ በአንድ። ጄሪካኑ ከእጇ ሳይወድቅ ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው። እንዲያ ቀስ ብላ ማኖሯ ከመጮህ የባሰ ነበር። እኔ «አይደለም፣ አይደለም፣ ፎቶው ነው» እያልኩ፣ ነገሩን ላስተካክል በችኮላ ነጠላውን ገፈፍኩት።

ጥቁር። በዚያ ነጭ ጉም ውስጥ ከጥቁርም ጥቁር። የልጅቱ ግማሽ ፊት ከውስጡ ብቅ ብሎ ከሩቅ ሰው ይጠራል።

ለቅሶው ከኋላዬ ተነሳ። ሃያ ሰው ባንድ አፍ። አንዷ ደረቷን መታች፣ አንዱ «ወየው ልጄ!» አለ፤ ልጁም አይደለች። ከጎረቤት ተጨማሪ ሰው ሲሮጥ ይሰማል። እናትየው ግን አላለቀሰችም። ወደ ፎቶው ቀረበች፤ ትንፋሿ መስታወቱን እስኪያደበዝዘው ቀረበች።

«ዝም በሉ» አለች።

አልሰሟትም።

«ዝም በሉ አልኳችሁ! በቤቴ የማለቅሰው እኔ ነኝ!»

ዝም አሉ። ወደኔ ዞረች። «አንተ። የሞተ ሰው ስትሠራ ሁለቱንም ዓይን ታወጣለህ። በየድንኳኑ አይቼዋለሁ። የኔን ልጅ ለምን በአንድ ዓይን አወጣሃት?»

«ጥላው…»

«ጥላ ነው አትበለኝ! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳሉት እነማን እንደሆኑ ሕፃንም ያውቃል። ሌባና ሰቃይ ናቸው። ልጄ ከየትኛቸው ናት?»

ነጠላውን መልሼ ላለብሰው እጄን ዘረጋሁ። 

«ሞታለች?»

«አልሞተችም። እንደሞተች የሰማሁት ነገር የለም። በልጆቼ።»

«ይህን ሰውዬ አላውቀውም?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «ሲሸጥ አይቼዋለሁ። እንከኑን ነው ጨለማ ውስጥ የሚያስገባው። ና! የደበቅኸውን አሳየኝ።»

ቁልቁል ተያይዘን ወረድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ፍሬሙን ታቅፌ ከኋላ። እግዚአብሔር ይስጠው መብራት ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የተገፈፈውን፣ ያልተሸፈነውን አወጣሁላት። ቆማ አየች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ያበጠው ዓይን ላይ አኖረች፤ እንዳያማት የምትጠነቀቅ ይመስል በጭንቅ ነው የነካችው።

«ይህን ነው?»

«ይህን ነው።»

«ካየኸው ስንት ቀን ሆነህ?»

«አሥራ አንድ።»

አልሰደበችኝም። ጣቷን ከዓይኑ ወደ ነጩ አሻገረችና፣ «እሷንስ አየሁ። ከኋላዋስ ምን አለ?»

«ብርሃን ነው። መስኮት።»

«መስኮት ወዴት ያሳያል?»

እንደ ዱላ ነው የመታኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በጨለማው ውስጥ የተደበቀውን ሳይ ነበር። ብርሃንም እንደሚደብቅ ረስቼው። እኔ፣ በመስኮት የምተዳደር ሰው። ፊቷን ተውኩና መስኮቱን ማጨለም ጀመርኩ። ነጩ እሳት እየበረደ ሄደ። ብዙው ቦታ ባዶ ነው፤ ካሜራው ራሱ ያላየውን ማንም አያወጣውም። በአንድ ጥግ ግን አንድ ነገር ቀረ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ከጎኑ ደግሞ አጠር ያለ ሌላ። ከሥራቸው ከፊሉ የተቆረጠ የዓረብኛ ጽሑፍ።

ከሱቄ አጠገብ ሽቶና አባያ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች። ጠራኋት። ሻሿን እያስተካከለች ገባችና መጀመሪያ ልጅቱን አየች። «ያ ረቢ» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ጥጉ ጎንበስ አለች።

«ይህ መስጂድ ነው፣ ጋሼ። አጭሩ ሚናራ ያላለቀ ነው፤ ብረቱ ይታያል? ጽሑፉ መድኃኒት ቤት ነው የሚለው። በዚህ በር ሰባት ዓመት አልፌያለሁ።» ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ሚናራው በዚህ ወገን ከታየ ሕንፃው ከመንገዱ ማዶ ካሉት ሦስቱ አንዱ ነው።»

እዚያ ላሉ የአገሯ ልጆች ስታወራ ዋለች። በአማርኛ ትጀምራለች፣ ስትናደድ ዓረብኛ ትገባለች። ፎቶውን ላከች፤ ፊቱንም፣ መስኮቱንም። ከዚያ ጥበቃ ነው።

ጥቁሩን ፎቶ እናትየው አልወሰደችውም። ላቃጥለው ብላት፣ «በሕይወት ያለች ልጅ ታቃጥላለህ?» አለችኝ። «አንተ ነህ ያመጣኸው፤ ካንተው ጋር ይቆይ።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት። የእድሩ ዳኛ ደግሞ በመጡ ቁጥር ጀርባውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ለቅሶው አንዴ ወጥቷል» ይላሉ። «የወጣ ለቅሶ ባለቤት ሳያገኝ አይመለስም ይባላል።» ማን እንደሚል ስጠይቃቸው አያውቁም። ግን ያን ሰሞን ሰው ሁሉ በሱቄ ሲያልፍ ዝም ይላል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ። እየሮጠች ገባች። እናትየው በየቀኑ እየመጣች ወንበሬ ላይ ስለምትውል እዚያው ነበረች። የምስል ጥሪ ነው። ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ።

«እማዬ» አለ ጨለማው።

እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «የት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ከአገሬ ልጆች ጋር ነኝ። አወጡኝ። ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

«አትታይኝም።»

«መብራት የለም፣ እማዬ።»

«መብራት የሌለው እኛ ዘንድ ነው» አለች እናት። «አንቺ ዘንድ አለ። አብሪው።»

ከወዲያ ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ። እኔ አይቼው የነበረ ፊት ስለሆነ የምደነግጥ አልመሰለኝም ነበር። እብጠቱ ጎድሏል። ዓይኗ ላይ ነጭ ፋሻ አለ።

«ይድናል አሉኝ» አለች ልጅቱ በችኮላ። እናትየው ፋሻውን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አላለቀሰችም። «ጋሼ አለ እዚያ?»

«አለሁ።»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበርኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ቶሎ አላየህም» አለችኝ። ሳቅ ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም።

ፓስፖርቷ ሸሽታ ከወጣችበት ቤት ቀርቷል፤ እኔ ያነሳኋት ጉርድ ፎቶ እንደተለጠፈበት። ኤምባሲው ለመመለሻ ወረቀት አዲስ ፎቶ አምጪ ብሏታል፤ በነጭ ላይ፣ ሁለቱም ዓይን የሚታይበት። ፎቶ ቤት መሄድ አትችልም፤ የቤቱ ሰው እየፈለጋት ነው። እዚያው ልትነሳ ነው፤ ያለችበት ክፍል አምፖል ደግሞ ዓይንን ጉድጓድ ያደርገዋል።

«መስኮት አለ?» አልኳት።

«አለ። መጋረጃው አይከፈትም ብለውናል። ከማዶ ያዩናል።»

እናትየው እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን። ያን ጊዜ ነው ብርሃን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቅኩት። «ስንዝር ያህል ብቻ ክፈቺው» አልኳት። «ፊትሽን ለመስኮት፣ ጀርባሽን ለግድግዳ። ፋሻውን አንሺ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ።»

መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየን። ብርሃኑ በግንባሯ ገብቶ ወደ አገጯ ወረደ። ከኋላ አንዲት ሴት «ዝጊው! ዝጊው በአላህ!» ትላለች። ጥሪው ተቋረጠ።

ፎቶው በማግስቱ ደረሰ። ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን። አንዱ በደንብ አልተከፈተም፤ ግን ተከፍቷል። አልነካሁትም። ጥላ አልገፈፍኩም፣ ጥላ አልጨመርኩም። ለወረቀቱ የሚሆነውን በልኩ ቆርጬ ላክሁ፤ ለእናትየው ደግሞ የመስኮት ያህል አሳተምኩላት።

ወረቀቱ እስካሁን አልመጣም። ስልኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ነው። ጥቁሩ ፎቶ ሱቄ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው፤ የሚወርደው ልጅቱ ራሷ መጥታ ስታወርደው ነው ብላለች እናቷ። ነጩን ግን በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ በር ፊት ለፊት ሰቅላዋለች። ነጭ በነጭ ላይ። ከበር ሲያዩት እምብዛም አይለይም። ሰው ማን እንደሆነች ለማየት መግባትና ቀረብ ማለት አለበት፤ ቀርቦ ደግሞ ዝም ማለት ይከብደዋል።